ሥልጣኑም ሸክሙም እውነተኛ ነው፦ በትርፍ ጊዜ ፖሊስ መሆን ለምትፈልግ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው እንግሊዝ ነው፤ 11 ዓመት ሆነኝ። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሳምንት ሦስት ሌሊት እሠራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ ዜግነት ግን አልወሰድኩም። የአካባቢያችን ፖሊስ ስፔሻል ኮንስታብል የሚባሉ የበጎ ፈቃድ ፖሊሶች እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አየሁ። ባለቤቴ ‹በነጻ ሊያሠሩሽ ነው› ይላል። ጓደኛዬ ‹እሱ እኮ እንደ ደንብ አስከባሪ ነው፣ ማንንም ማሰር አትችይም› ትላለች። እናቴ በስልክ ስነግራት ደነገጠች። ወንድሜ ከስድስት ዓመት በፊት በጠብ ተይዞ ተፈርዶበት ያውቃል። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፣ ግን አክሰንት አለኝ። ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ? አበሻውስ ምን ይለኛል?»

ምላሽ፦ ከጓደኛዎ ልጀምር፤ ትልቁ ስህተት ያለው እዚያ ነው። ስፔሻል ኮንስታብል ደንብ አስከባሪ አይደለም። ጥበቃም አይደለም። ፖሊስ ነው። ቃለ መሐላውን የሚፈጽመው ዳኛ ፊት ቆሞ ነው፤ የሚምለውም የሙሉ ጊዜ ፖሊሱ የሚምለውን ያንኑ ቃል ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰውን በቁጥጥር ሥር የማዋል፣ ሕጉ በሚፈቅደው ምክንያት አስቁሞ የመፈተሽ፣ ሕይወት ለማዳን ሲሆን ደግሞ በር ሰብሮ የመግባት ሥልጣን አለው። ይህ ሥልጣን በሰፈርዎ አይወሰንም። በመላው እንግሊዝና ዌልስ ይሠራል። ዩኒፎርሙ፣ ካቴናው፣ ቆመጡ፣ ስለት የሚከላከለው ጃኬት፣ ደረት ላይ የምትሰካው ካሜራ፣ ሁሉም አንድ ነው። መንገድ ላይ የሚያይዎት ሰው ደሞዝ እንደሌለዎት በቀላሉ አያውቅም። ሊያውቅም አይገባውም።

ጓደኛዎ የተሳሳተችበት ምክንያት ይገባኛል። ባርኔጣቸው ላይ ሰማያዊ ጥምጥም ያለባቸው፣ በየሰፈሩ በእግር የሚዞሩ ኦፊሰሮች አሉ። የማኅበረሰብ ድጋፍ ኦፊሰር ይባላሉ። በ2002 በወጣ ሕግ የመጡ ናቸው፤ ደሞዝ አላቸው፣ ሥልጣናቸው ግን ውስን ነው። ስለዚህ ነገሩ ሰው ከሚገምተው ተቃራኒ ነው። የሚከፈለው ሥልጣኑ ትንሽ፣ የማይከፈለው ሥልጣኑ ሙሉ። ቃሉም ራሱ ያምታታል። እኛ አገር ኮንስታብል ሲባል የማዕረግ መነሻ ነው። እዚህ ግን ኮንስታብል ማለት በሕግ የተሰጠ የግል ኃላፊነት ነው። አለቃዎ እዚህ ቁሚ፣ እዚያ ሂጂ ሊልዎት ይችላል። «ይህን ሰው የምይዝበት በቂ ምክንያት አለኝ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሱት ግን እርስዎ ነዎት። ፍርድ ቤት ቀርበውም የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

ይህን መጀመሪያ ያነሣሁት በምክንያት ነው። ብዙ የአገራችን ሰዎች ወደዚህ ሥራ የሚመጡት «ትንሽ ላግዝ» ብለው ነው። ዓላማው ጥሩ ነው። ግን ትንሽ ማገዝ የሚባል ነገር የለውም። ከስምንት ዓመት አገልግሎት በኋላ ዛሬ አመልካቾችን ሳማክር መጀመሪያ የምጠይቀው «ለምን ፈለግሽው?» ብዬ አይደለም። «የምታውቂውን ሰው ማሰር ትችያለሽ?» ብዬ ነው። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

ባለቤትዎ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ደሞዝ የለውም። የትራንስፖርትና መሰል ወጪ ይመለስልዎታል እንጂ የወር ገቢ አይጠብቁ። «በነጻ ሊያሠሩሽ ነው» የሚለው ግን ነገሩን አሁን የተፈጠረ ብልሃት ያስመስለዋል። የስፔሻሎች ሕግ የወጣው በ1831 ነው። ያኔ ሁከት ሲፈራ ተራውን ዜጋ ጠርተው ያስምሉት ነበር፤ እምቢ ያለ ይቀጣል። በ1848 ለንደን ውስጥ ትልቅ ሰልፍ ሲጠበቅ ከማሉት ብዙ ሰዎች አንዱ በስደት ላይ የነበረው ሉዊ ናፖሌዎን ነበር፤ ኋላ የፈረንሣይ ንጉሠ ነገሥት የሆነው። ስደተኛ ሆኖ ስፔሻል መሆን አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ፖሊስ ዛሬ አጥብቆ የሚፈልግበት ምክንያት ግን በቁጥር ይታያል። በ2012 እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ስፔሻሎች ነበሩ። አሁን ከ7 ሺህ በታች ናቸው። አንዱ ምክንያት መንግሥት ከ2019 ጀምሮ 20 ሺህ መደበኛ ፖሊስ እቀጥራለሁ ሲል ብዙ ስፔሻሎች ወደ ደሞዙ መሄዳቸው ነው። የአመልካቹን ታሪክ ማጣራቱ ወራት ሲፈጅ የሚሰለች አለ። ሥራና ቤተሰብ አልገጥም ብሎት የሚወጣም አለ። ለእርስዎ ይህ ሁለት ነገር ማለት ነው። ይፈልጉዎታል፤ ይህ ጥሩ ነው። አብሮዎት ወጥቶ የሚያስተምርዎ ልምድ ያለው ስፔሻል ግን እንደ ድሮው አይበዛም። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት የፖሊስ ኃይሉን «የመጀመሪያውን ዓመት ከማን ጋር ነው የምወጣው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ይጠንቀቁ።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ማስታወቂያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ በወር 16 ሰዓት የሚል ያያሉ። ሁለት ፈረቃ ይመስላል። በወረቀት ላይ ልክ ነው። በተግባር ግን ሦስት ነገሮች ይጨመሩበታል። የመጀመሪያው ሥልጠናው ነው። ለወራት ቅዳሜና እሑድዎን ይወስዳል። ሕጉ አለ፣ ራስን መከላከል አለ፣ የመጀመሪያ እርዳታ አለ፣ ቤት ወስደው የሚያነቡት አለ። ከሥልጠናው በኋላም ብቻዎን አይለቀቁም። ብቃትዎን በማስረጃ እስኪያሳዩ ድረስ ከልምድ አዋቂ ጋር ነው የሚወጡት።

ሁለተኛው ፈረቃው ሲያልቅ የሚመጣው ነው። ሊወጡ 20 ደቂቃ ሲቀርዎት አንድ ሰው ከያዙ ሌሊትዎ አሁን ጀመረ ማለት ነው። ወደ ማቆያ ይወስዱታል። ወረፋ አለ። ለማቆያው ሳጅን ለምን እንደያዙት ቆመው ያስረዳሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ይጽፋሉ። ፊልም ላይ የማይታየው የፖሊስ ሥራ ይህ ነው፤ መጻፍ። ማን ምን አለ፣ በስንት ሰዓት፣ መብራቱ እንዴት ነበር፣ ከስንት ሜትር አዩት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጅ እየዛለ የሚጻፍ ነገር ነው። ከወራት በኋላ አንድ ጠበቃ ፍርድ ቤት ውስጥ አንዷን ዓረፍተ ነገር አንስቶ ይጠይቅዎታል። ያም ሦስተኛው ነው፤ የምስክርነት ቀጠሮ። እሱ ደግሞ ቅዳሜ አይሆንም። ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ እርስዎ ከሌሊት ፈረቃ ሲወጡ።

ለዚህ ነው ሌሊት መሥራትዎ ከአክሰንትዎ ይልቅ የሚያሳስበኝ። ሦስት ሌሊት አረጋውያን ሲንከባከቡ አድረው በአራተኛው ሌሊት ካቴና ታጥቀው መውጣት አይችሉም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይቆጣል። ቸኩሎ ይወስናል። ለሌላ ሥራ ድካም ስህተት ያመጣል፤ እዚህ ግን የሰው መብት ወይም የሰው ሕይወት ይነካል። አሠሪዎን ቀድመው ያነጋግሩ። አንዳንድ ድርጅቶች ሠራተኛቸው ስፔሻል ሲሆን ተጨማሪ የፈቃድ ቀን ይሰጣሉ። ይሰጣሉ ብለው ግን አይገምቱ፤ በጽሑፍ ያግኙት።

መሥፈርቱን በተመለከተ ከሚፈሩት ይልቅ ነገሩ ቀላል ነው። ዜግነት የግድ አይደለም። የሚታየው የመኖሪያ ፈቃድዎ ነው። ያለ ጊዜ ገደብ ከሆነ ይበቃል። ጊዜው የተወሰነ ፈቃድ ያለው ሰው ግን፣ ጥገኝነት ያገኘ ቢሆንም፣ ቋሚው እስኪመጣ ይጠብቅ። ከዚያ በተጨማሪ ያለፉትን 3 ዓመታት እዚህ አገር መኖርዎ ይታያል፤ ታሪክዎን ማጣራት የሚቻለው እንዲያ ሲሆን ነው። ዕድሜ 18 ከሞላ ይበቃል። የአካል ብቃት ፈተናው በ15 ሜትር ርቀት መመላለስ ነው። ድምፅ ይሰጣል፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፣ የሚፈለገው ደረጃ 5.4 ነው። ከአራት ደቂቃ ያነሰ ሩጫ ነው። ስድስት ሳምንት ከተለማመዱ ያልፉታል። ይህ ሁሉ የምናገረው ስለ እንግሊዝና ዌልስ ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት።

አንዳንድ ሥራዎች ግን ከዚህ ጋር አይሄዱም። ማጅስትሬት ሆኖ የሚዳኝ ሰው ስፔሻል መሆን አይችልም፤ የማኅበረሰብ ድጋፍ ኦፊሰርም እንደዚያው። የሴኪዩሪቲ ፈቃድ ይዞ በር ላይ የሚሠራም በአብዛኛው አይፈቀድለትም። ይህን የምጠቅሰው ብዙ ወገኖቻችን በዚያ ሥራ ላይ ስላሉና ሥልጠና ሊጀምሩ ሲሉ ስለሚያውቁት ነው። የእርስዎ ሥራ ችግር የለበትም። እንዲያውም ግራ የገባውን አዛውንት በእርጋታ ማናገር ክፍል ውስጥ በቀላሉ አይማሩትም። እርስዎ በየሌሊቱ ያደርጉታል።

አክሰንቱን ይተዉት። በሬዲዮ ሲናገሩ እርስዎን መረዳት መቻላቸው፣ እርስዎም መስማትዎ ነው የሚፈለገው። ሰው ሲያዝ የሚነገረው የማስጠንቀቂያ ቃል አለ። ዝም ማለት ይችላሉ፣ ሲጠየቁ ያልተናገሩትን ኋላ ፍርድ ቤት ቢያነሡት ግን መከላከያዎን ሊጎዳ ይችላል፣ የሚናገሩት ማስረጃ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ይህን እንደ ጸሎት በቃል ይያዙት። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር የምለማመደው። መጀመሪያ መንገድ ላይ ስለው ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ከአክሰንቴ ግን ማንም ጉዳይ አልነበረውም።

የወንድምዎ ጉዳይ ከባዱ ይመስልዎታል። ከባድ የሚያደርገው ከደበቁት ነው። ማጣራቱ እርስዎን ብቻ አያይም። ባለቤትዎን፣ ወላጆችዎን፣ እህት ወንድሞችዎን፣ አብሮዎት የሚኖረውንም ያያል። የወንድም ጥፋት በራሱ አይጥልዎትም። የሚታየው ጥፋቱ ምን ያህል ከባድ ነበር፣ መቼ ነበር፣ ምን ያህል ትቀራረባላችሁ፣ በእርስዎ ሥልጣን ሊጠቀም ይችላል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ ይጻፉት። ቀኑን በትክክል ካላስታወሱ «በግምት» ብለው ይጻፉ። የሚያውቁትን ነገር አለመጻፍ ግን በራሱ የታማኝነት ጉድለት ሆኖ ይቆጠራል። ጥፋቱ ሳይሆን ዝምታው የጣለው አመልካች አይቻለሁ። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ አጎቱን አፍሮ ዘለለው።

ዕዳም ይታያል። ዕዳ ያለበት ሁሉ አይወድቅም፤ እየከፈለ ያለ ሰው ችግር የለበትም። ፍርድ ቤት የወሰነበትንና ያልከፈለውን ዕዳ ይዞ ማመልከት ግን ጊዜ ማባከን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገንዘብ ያስጨነቀው ፖሊስ ለጉቦ ይጋለጣል። ከማመልከትዎ በፊት የብድር ታሪክዎን ያስወጡና ይዩት። የረሱት የስልክ ሂሳብ ሊኖር ይችላል።

እናትዎ ለምን እንደደነገጡ በትክክል አላውቅም፤ ግን እገምታለሁ። በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው «ከሰፈሩ የተመለመለ፣ በትርፍ ጊዜው የሚያስር ሰው» ሲባል የሚመጣው ሥዕል የደርግ ዘመን የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ነው። ትናንት ጎረቤት የነበረ፣ ዛሬ ጠመንጃ ይዞ በር የሚያንኳኳ። ያንን ፍርሃት «እዚህ ሌላ ነው» ብለው አያቃልሉት። ቁጭ ብለው ያስረዷቸው። እዚህ የሚይዙት ሰው ለምን እንደተያዘ ወዲያው ይነገረዋል። ጠበቃ በነጻ ያገኛል። አያያዝዎ በአብዛኛው በካሜራ ይቀረጻል። ቅሬታ ካለው የሚያቀርብበት ቦታ አለ። አጥፍተው ከተባረሩም ስምዎ በመላ አገሪቱ የፖሊስ ኃይሎች በሚያዩት መዝገብ ላይ ይሠፍራል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ኃይል አይቀጥርዎትም። በሕግ የተያዘ ሥልጣን ማለት ይህ ነው። እናትዎ የሚያስታውሱት ሥልጣን ልጓም አልነበረውም።

አሁን ወደ «አበሻው ምን ይለኛል?»። እውነቱን ልንገርዎ፤ አንዳንዱ ጆሮ ጠቢ ይልዎታል። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ወሬ ይቋረጣል። ወረቀት የሌለው ሰው ይሸሽዎታል። ለዚህኛው አጭርና ቅን መልስ ያዘጋጁ። ፖሊስና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አንድ አይደሉም። የስፔሻል የዕለት ሥራ የሰው ወረቀት መመርመር አይደለም። ፖሊስ ግን ለኢሚግሬሽን መረጃ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። «በፍጹም አይነካችሁም» ብለው ቃል አይግቡ። መጠበቅ የማይችሉትን ቃል ከገቡ ያንን ሰው ሁለት ጊዜ ጎዱት ማለት ነው።

አንድ ሌሊት የሆነውን ላጫውትዎ። ሴትዮዋ እንዳትታወቅ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ደውሎ ሄድን። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ላይ አንዲት ሴት ባዶ እግሯን ተቀምጣለች። አንድ እጇ ጆሮዋ ላይ ነው። የሥራ ጓደኛዬ በእንግሊዝኛ ጠየቃት፤ ዝም። ስልክ አውጥቶ አስተርጓሚ መጥራት ጀመረ። የአንገት ሐብሏን አየሁና ዝቅ ብዬ «እህቴ፣ ልጆቹ ውስጥ ናቸው?» አልኳት። ቀና አለች። ፊቴን አየች፣ ዩኒፎርሜን አየች፣ እንደገና ፊቴን አየች። ከዚያ ወሬዋ አልቆመም። ከመቼ ጀምሮ እንደሚመታት፣ ደሞዟን ማን እንደሚይዘው፣ ለማን ልትናገር ሞክራ እንደተዋት። እየተናገረች ሳለ ደረቴ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ መብራት አየቻት። «ወንድሜ፣ ይሄን እንዳትጽፈው» አለችኝ።

ጻፍኩት። መጻፍ ነበረብኝ። ከመጻፌ በፊት ግን በአማርኛ ነገርኳት። «የነገርሽኝን መደበቅ አልችልም። ዛሬ ሌሊት እሱ እዚህ አያድርም። አንቺ ግን ብቻሽን አትሆኚም» አልኳት። አለቀሰች። ባሏ ተያዘ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የማከብረው አንድ ሰው ሰላምታዬን ሳይመልስ አለፈ። «የሰው ትዳር አፈረሰ» ተብሎ ነበር። እኔ መልስ መስጠት አልችልም፤ የሥራ ምስጢር ነው። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬም ያቺ ሴት ማን እንደሆነች ለማንም አልተናገርኩም። ከዓመት በላይ ቆይታ ያቺ ሴት መንገድ ላይ አይታኝ ቆማ ሰላም አለችኝ፤ ልጆቿ አብረዋት ነበሩ።

በዚያች ሌሊት ሁለቱም ጎን አለ። አማርኛዎ በር ይከፍታል፤ ሌላ ማንም የማይከፍተውን። የከፈቱትን በር ግን ለወዳጅነት ብለው መዝጋት አይችሉም። ቋንቋውን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። መንገድ ላይ ሰው ለማረጋጋት፣ ልጅ የት እንዳለ ለመጠየቅ በአማርኛ ይናገሩ። በመደበኛ ቃል መቀበል ላይ ግን «አንቺ እኮ ታውቂያለሽ፣ አስተርጉሚልን» ቢባሉ እምቢ ይበሉ። እዚያ የሚያስፈልገው ገለልተኛ፣ ብቃቱ የተረጋገጠ አስተርጓሚ ነው። ያለዚያ ጠበቃው ማስረጃውን ሊያስጥለው ይችላል፤ ተጎጂዋም ፍትሕ ታጣለች።

ትልቁ ፈተና ግን መንገድ ላይ አይመጣም። በስልክ ነው የሚመጣው። «የኔ እህት፣ አንድ ነገር ብቻ እይልኝ» ይላል። የማኅበሩ ሰው ነው፣ ልጅዎን ክርስትና ያነሣ ነው። «ልጄን ማን እንደከሰሰው ብቻ ንገሪኝ»። ወይም «ይቺ የምታገባው ልጅ መዝገብ አላት ወይ?»። መልሱ አንድ ነው፤ አይሆንም። የፖሊስን መረጃ ለግል ጉዳይ ከፍቶ ማየት ወንጀል ነው። ለማንም ባይናገሩ፣ ብር ባይቀበሉ፣ ለማወቅ ያህል ብቻ ቢያዩትም ወንጀል ነው። ሲስተሙ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደፈለገ ይመዘግባል። በዚህ ሥራቸውን ያጡና የተከሰሱ ፖሊሶች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እምቢ ማለት ያፈሩ ናቸው። እኛ ደግሞ እምቢ ማለት ላይ ደካሞች ነን፤ ይሉኝታ ይይዘናል። ስለዚህ ጥያቄው ሳይመጣ ቀድመው ይንገሯቸው። ቃለ መሐላ በፈጸሙ ሳምንት ለዘመድ ወዳጅ «እንዲህ ዓይነት ነገር አትጠይቁኝ፣ ብትጠይቁኝም ሪፖርት ማድረግ ሊኖርብኝ ይችላል» ይበሉ። ያኔ የሚቀየም ይቀየም።

የፖለቲካ ነገርም አለ። የፖሊስ ሥነ ምግባር ደንብ ለስፔሻሎችም ይሠራል፤ ሥራ ላይ በሌሉበት ሰዓት የሚያደርጉትንም ይመለከታል። የአገር ቤት ፖለቲካ እዚህም አብሮን ይኖራል። ሰልፍ ላይ መፈክር ይዘው የታዩ እንደሆነ፣ ወይም ፌስቡክ ላይ አንዱን ብሔር የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ አጋርተው ከሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሁለት ኢትዮጵያውያን ጠብ መሐል ገብተው ማን ያምንዎታል? የድሮ ጽሑፎችዎን ወደ ኋላ ሄደው ይመልከቱ። የማጣራት ክፍሉም ይመለከታል። የማንኛውም ድርጅት አባል ከሆኑ ሳይደብቁ ይጠይቁ።

ስለ አደጋው ብዙ አላስፈራራዎትም፤ ግን አለ። ይሰደባሉ። ይተፋብዎታል። ሊመቱም ይችላሉ። በ2018 የወጣ ሕግ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞችን መምታትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል፤ ስፔሻሎችንም ይሸፍናል። ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም የካሳ ደንብ አለ። የሕይወት ወይም የገቢ ኢንሹራንስ ካለዎት ግን ለኩባንያው ይህን ሥራ እንደሚጀምሩ በጽሑፍ ያሳውቁ። አለማሳወቅ ኋላ ክፍያ ሊያስከለክል ይችላል። ከአካል ጉዳት ይልቅ ብዙዎች የሚከብዳቸው ግን ያዩትን ይዞ ቤት መግባት ነው። ፈረቃው አልቆ ልጅዎን ቁርስ ሲያበሉ ሌሊት ያዩት ልጅ ይታወስዎታል። ይህን የሚያካፍሉት ሰው ከአሁኑ ያስቡ።

«ወደ ሙሉ ጊዜ ፖሊስነት ያሻግረኛል?» ብለው አልጠየቁም፤ ግን ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ አንድ ሁለት ቃል ልበል። በቀጥታ አያሻግርም። ራሱን የቻለ ማመልከቻና ፈተና አለው። ከ2024 ወዲህ ዲግሪ የማይጠይቅ መግቢያም ተከፍቷል። ስፔሻልነት የሚሰጥዎት ሥራውን ከውስጥ አይቶ የመወሰን ዕድል ነው። አይተው «የኔ አይደለም» ማለትም ትልቅ ጥቅም ነው።

ሌላ አማራጭም አለ። ሥልጣኑ ከከበደዎት የፖሊስ ድጋፍ በጎ ፈቃደኛ መሆን ይችላሉ። ካቴና የለም፣ የሌሊት ፈረቃ የለም። ወንጀል የተፈጸመባቸውን ሰዎች በስልክ መከታተል፣ የማኅበረሰብ ስብሰባ ማገዝ፣ ወጣቶችን ማሠልጠን የመሳሰለ ነው። ከዋናው ያነሰ ክብር ያለው አድርገው አይዩት። ለትንንሽ ልጆች እናትና ለሌሊት ሠራተኛ አንዳንዴ ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው።

ምክሬ ይህ ነው። ያመልክቱ፤ ግን በዚህ ወር አይደለም። በመጀመሪያ አሠሪዎ ከሦስቱ ሌሊቶች ቢያንስ አንዱን ወደ ቀን እንዲቀይርልዎት ይጠይቁ። ካልተቻለ ስፔሻልነቱን ይተዉና የድጋፍ በጎ ፈቃደኛ ይሁኑ። እዚህ ላይ ለድርድር ቦታ የለኝም፤ ሌሊቱን ሁሉ ሠርተው ይህን መጨመር ለእርስዎም ለሌላውም አደገኛ ነው። ከተቻለ ደግሞ ሲያመለክቱ ከሰፈርዎ ሳይሆን ከጎረቤት ጣቢያ ይጀምሩ። ማስታወቂያው «የራስዎን አካባቢ ያገልግሉ» እንደሚል አውቃለሁ። የእኛ ማኅበረሰብ ግን ትንሽ ነው፤ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። የመጀመሪያውን ዓመት ሥራውን ይማሩ እንጂ የዘመድ ጉዳይ አይፈትንዎት። ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ እጅዎ ሲፈታ፣ ወደ ሰፈርዎ ይዛወሩ። ያኔ ዋጋዎ እጥፍ ነው።

አብዛኞቹ የፖሊስ ኃይሎች ለአመልካቾች የማስተዋወቂያ ምሽት ያዘጋጃሉ። ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ። አሁን እያገለገሉ ያሉ ስፔሻሎች እዚያ ይመጣሉ። ባለቤትዎ ራሳቸው ይጠይቋቸው፤ ሌሊት ስንት ሰዓት ቤት እንደሚገቡ፣ ልጅ ማን እንደሚያይላቸው፣ በነጻ ስለምን እንደሚሠሩት።